ዎርድፕረስ ወይስ ድሩፓል? የአማርኛ ሊንክና ፍለጋ አስቸግሮኛል

ጤና ይስጥልኝ። አማርኛና እንግሊዝኛ ላለው የመጽሔት ድረ ገጽ ጽሑፎቹን የሚያስተዳድር ሲስተም መምረጥ አቅቶኛል፤ ዎርድፕረስና ድሩፓል መካከል ነኝ። ጽሑፎቹ 1,200 ያህል ናቸው፣ የሚጭኑት 4 ሰዎች። ሆስቲንጉ ሲፓነል (በብሮውዘር የሚሠራ ማስተዳደሪያ) ብቻ ነው ያለው፣ ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በትእዛዝ ማዘዣ) የለውም።

ዎርድፕረስ ለጸሐፊዎቹ እጅግ ይቀላል። ችግሩ ሊንኩ ላይ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ) 3 ባይት ይይዛል፣ ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ቁምፊ ይሆናል። ለሊንኩ ስም የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ቁምፊ ነው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ የቡና ገበያና የዓለም ዋጋ መዋዠቅ» የሚለው ርዕስ «መዋ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። በላቲን በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ግን 4 ሰው በየቀኑ አይረሳም ማለት ዘበት ነው።

ድሩፓል ከ8ኛው ስሪት (2015) ጀምሮ ባለብዙ ቋንቋነትን በውስጡ ይዟል፤ ፓዝኦቶ የሚባለው ሞጁልም (ተጨማሪ ፕሮግራም) ርዕሱን ወደ ላቲን ቀይሮ ሊንክ ያወጣል። ነገር ግን ማዘመኛው ኮምፖዘር የሚባል በትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ያለ ኤስኤስኤች ኮምፒውተሬ ላይ አዘምኜ ፋይሉን ሁሉ እንደገና መጫን ሊኖርብኝ ነው። የጥበቃ ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ይህን ማድረግ ያሰጋኛል።

ፍለጋው ሁለቱም ላይ ያው ነው፦ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰ፣ ሠን፤ አ፣ ዐን፤ ጸ፣ ፀን ወደ አንድ ፊደል መልሶ በዳታቤዙ ውስጥ በተለየ ዓምድ ማስቀመጥን አስቤያለሁ።

ዎርድፕረስ ላይ ይህን የሠራችሁ፣ ጽሑፉ ሲቀመጥ ነው የምትቀይሩት ወይስ ሲፈለግ? ሳድስ ፊደልን በትክክል ወደ ላቲን የሚቀይር ፕለጊንስ ታውቃላችሁ?