ዲቪ ደርሶን ሜሪላንድ ከገባን 7 ሳምንታችን ነው፤ ፉድ ስታምፕ ለኛ ይፈቀዳል?

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ ዲቪ ደርሶን፣ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በገና ማግስት፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2026፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። ትልቁ 9፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። እኔም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ያረፍነው የባለቤቴ አክስት ልጅ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። በወር 600 ዶላር በእጅ እንሰጠዋለን፤ ውል የሚባል ነገር ግን አልተጻፈም። ኩሽናው የጋራ ነው፤ አስቤዛ የምንገዛውም የምናበስለውም ግን ለየብቻ ነው።

ባለቤቴ መጋዘን ገብቷል፤ በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት። ኢንሹራንስ አሁን የለውም። እኔም ከአዲስ አበባ ከመነሳቴ በፊት ከተመረመርኩ ወዲህ ሐኪም አላየኝም፤ ያለ ኢንሹራንስ ገብቼ የሚመጣውን ቢል ፈራሁ።

ጥያቄዬ ስለ ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ስለሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ፣ ነው። ሰው የሚነግረን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አንዱ «አምስት ዓመት ሳይሞላ እንዳትሞክሩት» ይላል፤ ሌላዋ «ከወሰዳችሁ ሲቲዝንሺፕ ትከለከላላችሁ» አለችን። ደግሞ አንድ ሰውዬ 150 ዶላር ከከፈላችሁኝ ፎርሙን ሞልቼ አስጨርስላችኋለሁ ይለናል። ማንን እንመን?

ሹፌሩ

እህቴ እንኳን በሰላም መጣችሁ። እኔ 12 ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ከመንግሥት ሳልወስድ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ምክሬ፦ አትንኩት። ፋይላችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ነገ ዜግነት ስትጠይቁ ያወጡታል። ባልሽ ሁለተኛ ሥራ ይፈልግ፤ ቀላል ነው።

ቢሮው ውስጥ ያስተረጎምኩ

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ጉብዝናህን አከብራለሁ፤ ግን ይህቺ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪምም አላየችም። ቀላል አይደለም።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ በሚቀበል ቢሮ ለጥቂት ዓመታት አስተርጓሚ ነበርኩ። ፉድ ስታምፑን ለጊዜው ተዪው፤ ከሱ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛ ያንቺ ሕክምና ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የገባች ነፍሰ ጡርና ልጆች ለሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን) አምስት ዓመት አይጠብቁም። አምስት ዓመት መጠበቅ የአዋቂዎች ነው። ሜዲኬይድ የመመዝገቢያ ወቅት የለውም፤ ዛሬውኑ «ሜሪላንድ ኸልዝ ኮኔክሽን» በሚባለው የስቴቱ የኢንሹራንስ ድረ ገጽ ላይ ወይም ስልክ ደውለሽ አመልክቺ። ነፍሰ ጡር መሆንሽን መጀመሪያ ተናገሪ፤ በሆድሽ ያለው ልጅም በቤተሰብ ቁጥር ይገባል፤ አምስት ሆናችሁ ትቆጠራላችሁ። በባልሽ ደሞዝ የምትወድቂበት ምክንያት አይታየኝም። ካገኘሽው ከወለድሽ በኋላም 12 ወር ይቀጥላል፤ ሕፃኑም ሲወለድ በዚያው ይሸፈናል። ልጆችሽንም በዚሁ ማመልከቻ አስገቢያቸው።

ሁለተኛ የባልሽ ነው፤ ማንም ያልነገራችሁ ይመስለኛል። እሱ አዋቂ ስለሆነና አምስት ዓመት ስላልሞላው ሜዲኬይድ አያገኝም። ነገር ግን በዚያው ድረ ገጽ መንግሥት የሚደጉመውን የግል ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል። የዓመቱ መመዝገቢያ ጃንዋሪ 15 ተዘግቷል፤ አዲስ ለገባ ሰው ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጠዋል። የገባችሁት ጃንዋሪ 8 ከሆነ ማርች 9 ያልቃል፤ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። ካመለጣችሁ፣ ሥራው ካልሰጠው በቀር፣ በኖቬምበር ተመዝግቦ እስከ ጃንዋሪ 2027 ያለ ኢንሹራንስ ሊቀር ነው።

ድጎማው ላይ ከ2026 ጀምሮ አንድ ነገር ጠብቋል፦ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ከድህነት መስመሩ በታች ከሆነ አዲስ ለገባ ስደተኛ አይሰጥም። ለአራት ሰው የሚታየው 32,150 ዶላር ነው (ለዚህኛው የሆድ ልጅ አይቆጠርም)። በሳምንት 720 ዶላር ከሆነና እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሠራ 35 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ ያልፋል። ስለዚህ «የዓመት ገቢያችሁ ስንት ነው?» ሲሉት እስካሁን ያገኘውን ብቻ እንዳይናገር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘውን አስቦ ይናገር።

መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ይሰጥ እንደሆነም ይጠይቅ፤ ከሰጠ ሒሳቡ ይለወጣል።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 60 ቀን የሚባለውን አሁን ገና መስማቴ ነው፤ ለባለቤቴ ስነግረው ደነገጠ። ነገ እረፍት ነው፣ አብረን እንደውላለን። ፉድ ስታምፑስ?

ቢሮው ውስጥ ያስተረጎምኩ

ለልጆችሽ አዎ፤ ለእናንተ ገና። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ጥበቃ የለበትም። ስለዚህ አባወራው ወይም አንቺ ታመለክታላችሁ፣ አበሉ የሚሠራው ግን ለሁለቱ ልጆች ብቻ ነው። የባልሽ ገቢ ይጠየቃል፤ እናንተ አበሉ ውስጥ አትገቡም ማለት ደሞዙ ይደበቃል ማለት አይደለም። ሕፃኑ ሲወለድ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ ወዲያው አስጨምሪው።

ማመልከቻው በነጻ ነው። ያንን 150 ዶላር የሚለውን ሰውዬ ሰላም ብላችሁ እለፉት። ደግሞ ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ፦ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ብቻ ያለበት ማመልከቻ ቢገባም ቀኑ ይያዝላችኋል፤ ከተፈቀደ የሚታሰበው ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

ጀምበር ዘ አሌክሳንድሪያ

ለምን ለኛ ተቆረጠብን ታዲያ? እኔ አሳይለሜ ጸድቆልኛል፤ እስከ ባለፈው ዓመት ለባለቤቴና ለኔ ፉድ ስታምፕ ይመጣ ነበር። እድሳት ስናስገባ «አይገባችሁም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ከዲቪ በላይ የተቸገርነው እኛ አይደለንም?

ቢሮው ውስጥ ያስተረጎምኩ

ወንድሜ፣ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ነው። ጥገኝነት ያገኙትንና በስደተኛነት የመጡትን ከፉድ ስታምፕ አውጥቷል። ግሪን ካርድህ ሲወጣ እንደገና አመልክት፣ አትተወው። እዚህ የተወለደ ልጅ ካለህ ደግሞ ለሱ መቆረጥ አልነበረበትም፤ ደብዳቤው ላይ የልጁ ስም አለ ወይ? ካለ ይግባኝ በል፤ 90 ቀን አለህ።

ጀምበር ዘ አሌክሳንድሪያ

የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ አለችን! የሷም ስም አለበት። ደብዳቤው ከመጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሰኞ እሄዳለሁ።

የመንታ እናት

ዊክ የሚባለውን የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ማንም አላነሳውም እኮ! የኔ እናት፣ ከፉድ ስታምፑ በፊት ዊክ ደውዪ። ዊክ ለነፍሰ ጡር፣ ለወለደች፣ ለምታጠባ እናትና አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው፤ ስለዚህ አንቺና ትንሿ። የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁም፣ አምስት ዓመት የሚባል ነገርም የለበትም። ሜዲኬይድ ካገኘሽ ደግሞ በገቢ በኩል በዚያው አልፈሻል። ቢሮው ግን የተለየ ነው፤ ፉድ ስታምፕ ስትሞዪ ዊክ አብሮ አይመጣም። እኔ አብሮ ይመጣል ብዬ አራት ወር ጠብቄያለሁ፣ እንዳትሳቂብኝ።

ካርድ ይሰጡሻል፤ ሱፐርማርኬት ሄደሽ የተፈቀደውን ብቻ ነው የምትወስጂው። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሲሪያል፣ ባቄላና ምስር፣ የለውዝ ቅቤ። አሁን ሁዳዴ ነው፤ የምትጾሚ ከሆነ ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለዊክ ሴትዮዋ ግን ንገሪያት፦ በላም ወተት ፈንታ የአኩሪ አተር ወተትና ቶፉ መቀየር ይቻላል። እኔ ስነግራት ምንም አልከበዳትም፤ የኛን ጾም ከኔ በፊት ከመጡት ሰምታዋለች።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር፦ በ2024 በታደሰው የዊክ ደንብ ጤፍ ከተፈቀዱት እህሎች ውስጥ ገብቷል። ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ዝርዝር ስለሚያወጣ ካርዱ ላይ ከመጠበቅ ጠይቂ። በፉድ ስታምፕ ግን ጤፍ ዱቄትም እንጀራም ይገዛል፤ ኢቢቲ (የፉድ ስታምፑን ካርድ) የሚቀበል የሐበሻ ሱቅ ከሆነ።

ሹፌሩ

እሺ፣ ስለ ሕክምናው ተረታሁ። ግን የሲቲዝንሺፑን ጉዳይ ማንም አልመለሰልኝም።

ቢሮው ውስጥ ያስተረጎምኩ

ጋሼ ሹፌሩ፣ የምትለው «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለውን፣ ሰውየው የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ የሚለውን መስፈርት፣ ነው። እሱ የሚጠየቀው ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ሲሰጥ ነው። እነሱ በዲቪ ቪዛ ሲገቡ ነው ቋሚ ነዋሪ የሆኑት፤ ለዜግነት ሲያመለክቱ ያ መስፈርት የለም። ሰሞኑን ሕጉ ሊለወጥ ነው ተብሎ የሚወራውም ግሪን ካርድ ገና የሚጠይቀውን ሰው የሚመለከት ነው። አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር፦ ከ180 ቀን በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል። አገር ቤት ሄደው መክረም የሚያስቡ ሰዎች ይህን ይያዙ።

ዜግነት ላይ የሚጎዳው ውሸት ነው። የባልን ገቢ መደበቅ፣ «ባሌ አብሮኝ አይኖርም» ማለት፣ ካርድ መሸጥ።

ሹፌሩ

ስለ መሸጥ ካነሳሽው እሱን እኔ አውቀዋለሁ። 100 ዶላሩን ካርድ በ50 ጥሬ ገንዘብ የሚገዙ አሉ። ቆንጆ መስሎ ይታያል፤ የተያዘው ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፣ ወንጀልም ነው። በዚህ ላይ ሁላችንም አንለያይም።

ቀይ ሻሽ

የቤዝመንቱን ጉዳይ ሁላችሁም ዘለላችሁት፤ የኔ ማመልከቻ የወደቀው በሱ ነው። ቢሮው የሚጠይቀው ማን አብሮ ይኖራል ብሎ ብቻ አይደለም፤ ማን አብሮ ገዝቶ አብሮ ያበስላል ብሎ ነው። እኔ የምኖረው ከወንድሜ ጋር ነበር፤ ለኬዝ ወርከሯ (ጉዳዬን ለያዘችው የቢሮ ሠራተኛ) «እንደ ቤተሰብ ነን፣ ሁሉ የጋራ ነው» አልኳት። ሐበሻ ሌላ ምን ይላል? እሷም የወንድሜን ደሞዝ ጨምራ ደመረችውና ወደቅኩ። እውነቱ ግን ለየብቻ ነበር የምንገዛው፤ ቡና ብቻ ነው አብረን የምንጠጣው።

ስለዚህ የአክስት ልጅ አጭር ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፦ ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩ፣ በወር ስንት እንደምትከፍሉ፣ ምግብ ለየብቻ እንደምትገዙና እንደምታበስሉ፣ ፊርማና ስልክ። ኖታሪ አልጠየቁኝም። ኪራዩንም ከአሁን በኋላ በእጅ ከምትሰጡት ባንክ ለባንክ ወይም በዜል ላኩለት፤ ማስረጃ ይሆናችኋል፣ የቤት ወጪም ሒሳቡ ውስጥ ስለሚገባ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ጣጣ ስልኩ ነው። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነው፤ የሚደውሉት ከማታውቂው ቁጥር ነው። እኔ «ማስታወቂያ ነው» ብዬ ሳላነሳ ቀረሁ፤ ከዚያ «ለቃለ መጠይቅ አልቀረቡም» የሚል የእምቢታ ደብዳቤ። ቀኑን በደብዳቤ ነው የሚነግሩሽ፤ ደብዳቤው ደግሞ የሚደርሰው በአክስት ልጅ ፖስታ ሳጥን ነው! ስማችሁን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። የድምፅ መልእክትሽም ሞልቶ እንዳይዘጋ።

ቢሮው ውስጥ ያስተረጎምኩ

ቀይ ሻሽ ልክ ናት። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሰው የወደቀው አይገባውም ተብሎ አይደለም፣ ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ ነው። ሲደውሉ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በያቸው፤ መስመር ላይ ያስገቡልሻል፣ በነጻ ነው፣ የመጠየቅ መብትሽ ነው። እባክሽ የ9 ዓመቱን ልጅ አታስተርጉሚው። «ገቢ» እና «ተቀማጭ» መለየት ለሱ ከባድ ነው፤ የአባቱን ገንዘብ ችግር መስማትም የለበትም።

ቼኩ ላይ ያለውን ወረቀት (ፔይስተብ) የአራት ሳምንት ሰብስቡ። የሁላችሁም ግሪን ካርድ ካልደረሰ በፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የቪዛ ማህተም ይበቃል። ሶሻል ካርድ ያልደረሰው ካለ የማመልከቻውን ደረሰኝ ያዙ።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ደወልን፤ አስተርጓሚ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን እንጂ ሴትየዋ ደግ ነበረች። የኔና የልጆቹ ሜዲኬይድ ገብቷል፤ የሱም ምዝገባ ተጀምሯል፣ የመግቢያ ቀናችንን የሚያሳየውን የፓስፖርት ገጽ ፎቶ አንስተን ላክን። ዊክም ለማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠችኝ። የአክስት ልጅ ደብዳቤውን ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው፤ «እኔ ላይ ታክስ ያመጣብኛል?» አለ። ደግሞ የትልቁ ትምህርት ቤት ለምሳ ክፈሉ የሚል ወረቀት ልኮልናል።

ቀይ ሻሽ

ለአክስት ልጅ ንገሪው፦ ደብዳቤው ለናንተ ማመልከቻ ነው፣ የሱን ደሞዝ እንዳይደምሩ የሚያደርገውም እሱ ነው። የኪራይ ገቢ ግን ታክስ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፤ ደብዳቤ ቢኖርም ባይኖርም። የሒሳብ ሠራተኛውን ይጠይቅ፤ የቤቱን ወጪ በከፊል ሊቀንስበት ይችላል።

ምሳው ላይ፣ የነጻ ምሳ ፎርም ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠይቂና ዛሬውኑ ሙዪ፤ በገቢ ነው የሚታየው፣ ስለ ፓስፖርት አይጠይቅም። ልጁ ፉድ ስታምፕ ከተፈቀደለት በኋላ ያለ ፎርም በነጻ ይገባል፤ እስከዚያ ግን ፎርሙ ያስፈልጋችኋል። እስካሁን የተከመረ የምሳ ዕዳ ካለም ለትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ንገሪያት።

የመንታ እናት

ማክሰኞ ትንሿን ይዘሻት ሂጂ፤ ቁመትና ክብደት ይለካሉ። ቁርስ አብልተሻት፣ ጣቷን ይወጓታል።