ገበያ ቀን የሚንጠለጠል ሲስተም፦ ትሬሲንግ (ጥያቄው የት እንደቆየ መከታተል) ከየት ልጀምር?

ጃቢ_ኮደር፦
እረ ጎበዝ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ለአንድ የገበሬዎች ማህበር የእህል መረከቢያ ሲስተም ሰርቻለሁ። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ከፊት ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስና ጃንጎውን የሚያስኬደው ጉኒኮርን። መዛኟ የበቆሎውን ወይም የበርበሬውን ኪሎ ታስገባለች፣ ሲስተሙ ሂሳቡን ይሰራል፣ ለገበሬው ኤስኤምኤስ ይሄዳል።

በአዘቦት ቀን ምንም አይል። ገበያ ቀን ከማንኩሳም ከጅጋም ሰው ሲመጣ ግን «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ይንጠለጠላል። አንዳንዴ 2 ሰከንድ፣ አንዳንዴ 20። የመጋዘን ኃላፊው «ኔትወርክ ነው» ይላሉ፤ ለእሳቸው ዝናብ መቅረቱም ኔትወርክ ነው። ሎጉ «200» (ተሳክቷል) ብሎ ያልፋል፣ መሃል የት እንደቆየ አይነግረኝም። ሲፒዩው ደግሞ ስራ ፈት ነው።

ሲስተም መከታተያ ስለሆኑት ኦፕንቴሌሜትሪ፣ ጄገር፣ ፕሮሜቲየስና ግራፋና አንብቤያለሁ። ሁሉንም ልጫን ብል ባለ 2 ጊጋ ራሟ ሰርቨር አትችለውም። በዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት አይታሰብም። ምን ይሻላል?

ጣና_ዳር፦
ወንድማለም፣ ሁሉንም አትጫን። ሲፒዩው ስራ ፈቶ ጥያቄው 20 ሰከንድ ከፈጀ፣ ሰርቨሩ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ፕሮሜቲየስና ግራፋና «ዘግይቷል» ይሉሃል። እሱንማ ኃላፊው በስልክ ነግረውሃል። አንተ የምትፈልገው የዘገየበትን ቦታ ነው፣ ያንን የሚያሳይህ ትሬስ (አንድ ጥያቄ በየደረጃው የፈጀው ጊዜ መዝገብ) ነው።

ኦፕንቴሌሜትሪን ያዝ። ኦፕንትሬሲንግና ኦፕንሴንሰስ በ2019 እ.ኤ.አ. ተዋህደው የወጣ ነው። ኮድህን አንዴ ካዘጋጀህ ነገ ትሬሱን ወደ ሌላ ቦታ ልላክ ብትል ኮዱን አትነካውም። ለጊዜው ትሬስ ሰብስቦ ወደሚያሳየው ጄገር ላከው። ሁሉን በአንድ የያዘ የዶከር ኢሜጅ አለው፣ መረጃውን ራም ላይ ያስቀምጣል። የሚይዘውን የትሬስ ብዛት ገድብለት፣ ገበያው ሲበተን አጥፋው። ትሬስ የሚቀበለው በ4317 እና በ4318 ፖርት ነው፣ ገጹ 16686 ላይ ይከፈታል። 16686ን ለኢንተርኔት ክፍት እንዳታደርገው፣ እንዲሁ ሲነሳ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በኤስኤስኤች ቱነል (በተመሰጠረ የግል መስመር) እየው።

የጃንጎ፣ የፖስትግሬስና የሪኩዌስትስ (ወደ ሌላ ሰርቨር ጥያቄ የሚልከው የፓይተን ላይብረሪ) ኢንስትሩመንቴሽን ፓኬጆች አብዛኛውን ስፓን (የትሬሱን አንድ አንድ ደረጃ) ራሳቸው ይሰሩልሃል። በእጅህ የዋጋ ስሌቱ ላይ አንድ ስፓን ብትጨምር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚጉላላበት ደግሞ ይሄ ነው። ጉኒኮርን ዎርከሮቹን (ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ፕሮሰሶች) በፎርክ፣ ማለትም ራሱን በማባዛት ነው የሚፈጥራቸው። አፕሊኬሽኑ አስቀድሞ በፕሪሎድ ከተጫነ፣ ትሬስ የሚልከው የጀርባ ትሬድ ወደ ዎርከሮቹ ላይሻገር ይችላል። ማዘጋጃ ኮዱን ፖስት-ፎርክ ሁክ (ዎርከሩ ከተፈጠረ በኋላ የሚጠራ ፈንክሽን) ውስጥ አስገባው። አለበለዚያ ስህተትም አታይ፣ ትሬስም አይመጣልህ።

ሞጣ_ዴቭ፦
እኔ ኤስኤምኤሱን ነው የምጠረጥረው። ሪኩዌስትስ ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ካልሰጠኸው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጃንጎ ትሬስ ጥያቄው ዎርከር ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን ጥበቃ አያይም። ወፍጮ ቤት እንደማለት ነው፦ የሚቆጠረው እህሉ ከተደፋ ጀምሮ ነው፣ ውጭ ከነአህያው የተሰለፈውን ማንም አይጽፈው። ኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ «አፕስትሪም ሪስፖንስ ታይም»ን (ጉኒኮርን መልስ እስኪሰጥ የፈጀውን ጊዜ) ጨምርና ከትሬሱ ርዝመት ጋር አስተያየው። ትልቅ ልዩነት ካለ ሰልፉ እዚያ ነው።

ጃቢ_ኮደር፦
እህታለም፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። አንዱን ጥያቄ ልንገራችሁ። ኤንጂንኤክስ 17 ሰከንድ ይላል፣ ትሬሱ ግን 6 ብቻ። ከ6ቱ 5 ተኩል ያህሉ የኤስኤምኤስ አቅራቢውን መጠበቅ ነው። ስጠረጥረው የነበረው ፖስትግሬስ በጭራሽ የለበትም፣ የሱ ስፓን ከቀጭን መስመር አይበልጥም። የቀረው 11 ሰከንድ ሰልፍ ነው፤ ዎርከሮቹ 2 ናቸው፣ ሁለቱም ኤስኤምኤስ ላይ ተገትረዋል።

አሁን መልእክቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፋል፣ ለብቻው የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም እያነሳ ይልከዋል፣ ታይምአውቱ 5 ሰከንድ ነው። ለጀርባ ስራ የሚያገለግሉት ሴለሪና ሬዲስ ለዚች ሰርቨር ይከብዳሉ ብዬ ተውኳቸው። «አስቀምጥ» አሁን ከሰከንድ በታች ነው። ኃላፊው «ኔትወርኩ ተሻሻለ» ብለዋል፣ አልተከራከርኩም። የጄገሩን ስክሪንሾት ከታች ለጥፌዋለሁ።

ጣና_ዳር፦
ስክሪንሾቱን ቶሎ አጥፋው! የኤስኤምኤሱ ስፓን ሙሉ ዩአርኤሉን ይዟል፣ የገበሬው ስልክና የብሩ መጠን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሆነ ወጥቷል። ባይወጣስ፣ የሰው ብር አደባባይ ይሰጣል እንዴ?

አቅራቢው ከፈቀደ ቁጥሩን በዩአርኤል ሳይሆን በፖስት ጥያቄው ይዘት (ቦዲ) ውስጥ ላከው። ካልፈቀደ ስፓኑ ከመላኩ በፊት ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለውን በሁክ ቁረጠው። ወደፊት ፕሮሜቲየስን ስትጨምርም ስልክ ቁጥር ወይም የገበሬ መለያ ሌብል (የመለኪያ መለያ) አታድርግ። ለእያንዳንዱ ገበሬ የተለየ ታይም ሲሪስ (በጊዜ የተደረደረ የቁጥር ተከታታይ) ይፈጥርና ራምህን ይጨርሰዋል። የእህሉ ዓይነትና የመጋዘኑ ስም ይበቃዋል።