ክርክር፦ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ለደራሲው ሰበብ ይሆናል?

ጠያቂዋ፦
የንባብ ቡድናችን በዚህ ወር ያነበበው የአየርላንዳዊውን ደራሲ የጆን ቦይንን ልብ ወለድ ነው። ባለ መስመር ፒጃማ ስለለበሰው ልጅ የሚተርከውን። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፣ በ2008 ፊልም ሆነ። ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ብሩኖ የ9 ዓመት ጀርመናዊ ነው። አባቱ የናዚ መኮንን ነው። ቤተሰቡ ከበርሊን ተነስቶ አባትየው የሚያዘው ካምፕ አጠገብ ይሰፍራል። ብሩኖ አጥሩ ጋ ሽሙኤል ከሚባል አይሁዳዊ ልጅ ጋር ይወዳጃል። የተወለዱት በአንድ ቀን ነው። በመጨረሻ ብሩኖ በአጥሩ ስር ሾልኮ ይገባል፤ ሁለቱም የጋዝ ክፍል ውስጥ ይሞታሉ። (መጨረሻውን ስላበላሸሁባችሁ ይቅርታ። ያለሱ ክርክሩ አይሄድም።)

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የአውሽዊትዝ መታሰቢያ ሙዚየም (አውሽዊትዝ ናዚዎች ፖላንድ ውስጥ ያቋቋሙት የሞት ካምፕ ነው፣ የብሩኖም ታሪክ የሚያመለክተው እሱን ነው) አንድ ነገር ተናገረ። ስለ ሆሎኮስት፣ ናዚዎች አይሁዳውያንን ስለጨፈጨፉበት ታሪክ፣ የሚያጠና ወይም የሚያስተምር ሰው ይህን መጽሐፍ ቢተወው ይሻላል አለ። ጥያቄዬ ይኸው፦ ታሪኩ በልጅ ዓይን ስለሚታይ ብቻ ደራሲው ከታሪክ እውነት መራቅ ይችላል? ለልጆችስ እንስጠው? እኛ ቡድን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈዋል። እስካሁን አልታረቁም።

የታሪክ መምህሩ፦
እኔ ሙዚየሙ ልክ ነው ባይ ነኝ። ነገሩ ጥቃቅን ስህተት ለቀማ አይደለም። ሽሙኤል 9 ዓመቱ ነው። አውሽዊትዝ የደረሰ አብዛኛው አይሁዳዊ ከባቡር ሲወርድ ለሥራ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለይ ምርጫ ይጠብቀው ነበር። ለሥራ የማይሆን ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ውሎ አያድርም፣ የሚወሰደው ወደ ጋዝ ክፍል ነው። ወደዚያ ከተጋዙት ውስጥ ወደ 232 ሺህ የሚሆኑት ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። ካምፑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 ነጻ ሲወጣ እዚያ በሕይወት የተገኙት ከ18 ዓመት በታች ልጆች ከ700 ጥቂት ቢበልጡ ነው።

አሁን መጽሐፉን ክፈቱት። ሽሙኤል ለወራት አጥር ጥግ ተቀምጦ ያወራል። ጠባቂ የለም። ማማ የለም። አጥሩ ኤሌክትሪክ የለውም፤ እንዲያውም ከስር ብድግ ይላል። ልጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካለ፣ ልጄ፣ ሽሙኤል ለምን አልወጣም? ተማሪ ይህን ጠይቆኝ ያውቃል። «ለምን አላመለጡም?» ብሎ። መጽሐፉ ነው ያስጠየቀው።

ተረት ነው ባዩ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደራሲው ራሱ እኮ «ተረት» ብሎ ነው የሰየመው። ጦጣና አንበሳ ሲከራከሩ ብናነብ የእንስሳት ሐኪም ጠርተን አናስመረምርም። አጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን መወለዳቸውም ምሳሌ ነው። ታሪክ የፈለገ ታሪክ ያንብብ። ልብ ወለድን በታሪክ ፈተና መጣል ነውር ነው።

ተርጓሚው፦
ተረት ከሆነ አውሽዊትዝን ለምን ነካው? አንበሳና ጦጣ የሞተባቸው ዘመድ የለም።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነው ያንገበገበኝ። ቋንቋው። ብሩኖ «ፉረር» (የሂትለርን መጠሪያ) ማለት አቅቶት «ፊውሪ» ይላል። በእንግሊዝኛ ፊውሪ ቁጣ ነው። አውሽዊትዝንም «አውት ዊዝ» ይለዋል። ጎበዝ፣ ልጁ በርሊን ያደገ ጀርመናዊ ነው! የሚያስበውም የሚያወራውም በጀርመንኛ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሳሳተው ማን አስተምሮት ነው? ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ልመልስ ብትሉ ቀልዱ እጃችሁ ላይ ይሞታል፤ ሲጀመር ከልጁ አፍ የወጣ አልነበረምና። የወጣው ከደራሲው አፍ ነው።

ደግሞ የኤስ ኤስ መኮንን ልጅ ፉረር ማን እንደሆነ አያውቅም? ትምህርት ቤት በየቀኑ በስሙ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ከ1939 ጀምሮ ጀርመናዊ ልጅ 10 ዓመት ሲሞላው የሂትለር ወጣቶች ማኅበር ውስጥ መግባት ግዴታው ነበር። ብሩኖ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ከሴፕቴምበር 1941 በኋላ ደግሞ የበርሊን አይሁዳውያን ቢጫ ኮከብ ልብሳቸው ላይ ሰፍተው ነው የሚወጡት። ብሩኖ መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሄደው?

ተረት ነው ባዩ፦
እሺ፣ ቃሉን ወስደህብኛል። ፊውሪን አልከራከርበትም። ግን መነሻው ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአውሽዊትዝ አዛዥ ሩዶልፍ ሄስ ከሚስቱና ከ5 ልጆቹ ጋር ከካምፑ ጎን ባለ ቤት ይኖር ነበር። ይህ ታሪክ ነው። እነዚያ ልጆች በልተው፣ ተጫውተው፣ ተኝተው ይነሱ ነበር። ልብ ወለድ እንዲህ ያለውን ቤት ገብቶ ባያይ ማን ያየዋል?

ደግሞ ስለ ወጥ ቤቱ ማንም አላነሳም። ሽሙኤልን ብርጭቆ እንዲያጸዳ እነብሩኖ ቤት ያመጡታል። ብሩኖ ዶሮ ይሰጠዋል። ወጣቱ መኮንን ድንገት ይገባል። «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» ሲባል ብሩኖ ይክዳል። አይቼው አላውቅም ይላል። ጓደኛውን! በኋላ ሽሙኤል ፊቱ በልዞ ይመጣል። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ያደረግሁት ሰው አለ። ጦርነት አልነበረም፣ የሰፈር ዱላ ነው። ግን ክጃለሁ። ይህን ያስታወሰኝን መጽሐፍ አጥሩ ኤሌክትሪክ የለውም ብዬ አልጥለውም።

የታሪክ መምህሩ፦
ወጥ ቤቷን እሰጥሃለሁ። እሷ ጥሩ ነች።

የ12 ዓመት ልጅ እናት፦
እኔ ለክርክር አልመጣሁም፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄ መጽሐፉን ጨርሳ ክፍሏ ውስጥ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ገባሁና «ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ብሩኖ እኮ በስህተት ነው የሞተው።»

«ሽሙኤልስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱማ ድሮም እዚያ ነበር።»

ልጄ ክፉ አይደለችም። እንኳን ለሰው ለድመትም አንጀቷ አይችልም። ግን እንዲህ አለች። እኔም የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። መብራቱን አጥፍቼላት ወጣሁ። እስካሁን «በስህተት» የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

የታሪክ መምህሩ፦
እህቴ፣ እኔ አንድ ሰዓት አውርቼ ያልደረስኩበት እዚህ ነው። መጨረሻውን ተመልከቱት። ብሩኖ ሲጠፋ ወታደር ይፈልገዋል፣ እናት ትጠብቃለች፣ አባት ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አጥሩ ጋ ቆሞ የሆነውን ይረዳል። ሽሙኤልን የሚፈልግ አንድ ሰው የለም። እናቱን ቀድሞ ለይተው ወስደዋታል። አባቱ ጠፍቷል። እንዲያውም ብሩኖ የገባው እሱን አብሮ ሊፈልግለት ነው። መጽሐፉ ያስለቀሰን ለአዛዡ ቤት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፦
መምህር፣ አይቆጡኝ። እኔ 13 ዓመቴ ላይ ነው ያነበብኩት። እሱን ባላነብ ኖሮ ስለ ሆሎኮስት ምንም ባልፈለግሁ ነበር። ከሱ ቀጥዬ ከናዚዎች ተደብቃ የነበረችውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአን ፍራንክን ማስታወሻ አነበብኩ። እሷም መጻፍ ስትጀምር 13 ዓመቷ ነበር። በርገን ቤልዘን ካምፕ ስትሞት 15። ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት በር ነበረ፣ ቤቱ ሌላ ነው። በሩ ጠማማ ስለሆነ እንንቀለው ነው የምትሉት?

የታሪክ መምህሩ፦
አልቆጣም። ሁሉም እንዳንቺ ቢቀጥል እኔም አልከራከርም ነበር። ብዙው ግን በሩ ላይ ይቀራል። እንግሊዝ አገር በተማሪዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ውስጥ ይህ መጽሐፍና ፊልሙ ደጋግመው ተነስተዋል። ብዙ ልጆች ተራው ጀርመናዊ ምንም አያውቅም ነበር ብለው ያስባሉ፤ ይህ ታሪክም ያንን አስተሳሰብ ያጠናክርላቸው ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የብሩኖ አለማወቅ ወደ አገሩ ሁሉ ይጋባል።

የቀድሞው ወታደር፦
እኔ በ17 ዓመቴ መሣሪያ ይዣለሁ፤ ስለዚህ አጭር ላድርገው። ጦርነት ውስጥ ያለ ልጅ ከአዋቂ በላይ ያውቃል። የሚመጣውን ከባድ መሣሪያ በድምፁ ይለያል። የትኛው ቤት ሰው እንደጎደለበት ያውቃል። እናቱ ስትዋሸው ያውቃል፤ እንዳታፍር ብሎ ያመነ ይመስላል። ምንም የማያውቅ ልጅ የምትጽፉት እናንተ ሰላም አገር ቁጭ ብላችሁ ነው። እዚያ ያልነበረ ሰው ባይጽፍ ይሻላል።

ተርጓሚው፦
ጋሼ፣ ስለ ልጆቹ ያሉት ልክ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ስለሚሸሽ ወጣት ወታደር የጻፈው ስቴፈን ክሬን የተወለደው በ1871 ነው። ጦርነቱ ያበቃው በ1865። መጽሐፉ በ1895 ሲወጣ ግን የቀድሞ ወታደሮች ሳይቀሩ አብሮን ተዋግቷል ብለው ነበር። በተቃራኒው ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈውን ሬማርክን እንውሰድ። ግንባር ነበር፤ ግን በ1917 ቆስሎ እስኪወጣ እዚያ የቆየው ከሁለት ወር አይበልጥም። መኖርም አለመኖርም ብቻውን አይለካም።

ለኔ ልኩን ያገኘችው አዲቺ ናት። ናይጄሪያዊቷ። ስለ ቢያፍራ፣ ስለ አገሯ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ2006 የጻፈችው ልብ ወለድ አለ፣ የቦይን መጽሐፍ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። ጦርነቱ ያበቃው በ1970፣ እሷ የተወለደችው በ1977። ግን ሁለቱም ወንድ አያቶቿ በዚያ ጦርነት ሞተዋል። ኡግዉ የሚባል ልጅ አለ። 13 ዓመቱ ላይ ከገጠር ለቤት ሠራተኝነት ይመጣል። ማቀዝቀዣ ያስደንቀዋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ እንወደዋለን። ከዚያ አፍሰው ወታደር ያደርጉታል። ከዚያ ጓደኞቹ በአንዲት የመጠጥ ቤት ልጅ ላይ ሲረባረቡ እሱም ይቀላቀላል። የምንወደው ልጅ! ደራሲዋ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ብላ አልሸፈነችውም። ያውቃል። እስከ መጨረሻው ሲያቃጥለው ይኖራል። ማደግ ማለት ለኔ ይህ ነው፤ ብሩኖ ግን በ9 ዓመቱ ገብቶ በ9 ዓመቱ ይወጣል። የሚያድገው ያቺ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱንም ደራሲው ቶሎ ይቅር ያሰኘዋል።

የቀድሞው ወታደር፦
ያንን መጽሐፍ ማን አለው?

ተረት ነው ባዩ፦
ቆይ ቆይ። ኡግዉን ለ12 ዓመት ልጅ ትሰጣላችሁ? አትሰጡም። እኔ የምለው እኮ ይህ ነው። ለልጅ የሚጻፍ መጽሐፍ የሚችለው አለ፣ የማይችለው አለ። ለልጆች እንዲሆን ሲባል አንድ ነገር መሸፈኑ አይቀርም።

ተርጓሚው፦
ይሸፈን። ግን መሸፈንና መዋሸት ይለያያሉ። አጥሩ ኤሌክትሪክ እንዳለው መንገር የሚያስደነግጥ ገጽ አይደለም። አንድ መስመር ነው። ደራሲው የመጀመሪያውን ረቂቅ በሁለት ቀን ተኩል እንደጻፈ ራሱ ተናግሯል። በረቂቁ አልፈርድም፣ ሁላችንም ቸኩለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ግን ለዚያች አንድ መስመር ጊዜ ጠፋ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፦
ይሄኛው አሳመነኝ። በሩን አልነቅለውም፣ ግን ለታናሽ ወንድሜ ስሰጠው አብሬው ነው የማነበው።

የታሪክ መምህሩ፦
እኔም ትንሽ ልውረድ። ክፍል ውስጥ ሙሉውን አላስነብብም። ወጥ ቤቷን ግን አባዝቼ አስገባታለሁ። ከዚያ «ሽሙኤል በሚቀጥለው ቀን ምን ያስባል?» ብዬ አጽፋቸዋለሁ። ከሱ ወገን።

ተረት ነው ባዩ፦
መጽሐፍ ገንጥሎ ማስተማር ኃጢአት ነው፣ መምህር። ግን ሲጽፉ አሳዩኝ።

የ12 ዓመት ልጅ እናት፦
ማታ ልጄን መምህሩ ያነሱትን ነገር ጠየቅኋት። «ሽሙኤልን ማን ፈለገው?» አልኳት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጣ ቆማ ቃኘችው። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠች። አሁንም ወደ ኋላ። «እማዬ፣ አባቱ መቼ ነው የጠፋው?» አለችኝና መጽሐፉን ይዛው ሄደች። ስተኛ መብራቷ አልጠፋም ነበር።

ስለ ኡግዉ የሚያወራውን መጽሐፍ ያላችሁ መጀመሪያ ለኔ አውሱኝ። እሷ እጅ ሳይገባ ልጨርሰው።

ጠያቂዋ፦
እኔ ጋ አንድ ቅጂ አለ፣ ግን ከጋሼ ቀጥሎ ነው ተራሽ። ያኮረፉት ሁለቱ ግን አሁንም እየተነጋገሩ አይደለም። አንዷ እኔ ነኝ።