በርበሬና ሽሮ ለፔሩጂያ፦ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የትኛው ይሻላል?

የሰባ ደረጃ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ወደ ኢጣሊያ ልሄድ ነው። ፔሩጂያ በሚገኘው የውጭ አገር ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ለዘጠኝ ወር ጣልያንኛ እማራለሁ። ከቤት ኪራይ የሚተርፈኝ ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ራሴ እያበሰልኩ መኖር አለብኝ። 3 ኪሎ በርበሬና 4 ኪሎ ሚጥን ሽሮ ለመያዝ አስቤአለሁ። አራት ኪሎ ካሉት ሱፐርማርኬቶች የታሸገውን ልግዛ ወይስ ዛላውን ገዝቼና አዘጋጅቼ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ላስፈጭ? ዶሮ ማነቂያ የነበሩት ደንበኛዬ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገቡ አላውቅም። ሁለቱንም የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ወራት ቆይቶ ጣዕሙን የማይለውጠው የትኛው ነው?

የቀበና እናት፦
እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። የታሸገውን ተዪው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የማስፈጨው ከቀበና ድልድይ ወረድ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ የአንዱን በርበሬ ከሌላው አይቀላቅልም። ሽሮዬንም፣ የበዓል በርበሬዬንም፣ የልጆቼን ስንቅ ሁሉ የፈጨልኝ እሱ ነው። ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግሽም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እማማን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የታሸገው የተመረተበት ቀንና የገባበት ቅመም ዝርዝር ተጽፎበታል። ጉምሩክ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ «ይህ ቀይ ዱቄት ምንድን ነው?» ሲባል ጽሑፉን ማሳየት ይቀላል። ከመግዛትሽ በፊት ጨዉን ቅመሺ። አንዳንዱ ጨው ስለሚበዛበት ወጡን ያበላሻል።

ተመላሽ ተማሪ፦
እህቴ፣ በርበሬ ከየትም ግዢ፤ ቅቤና ቋንጣ ግን እንዳትይዢ። እናቴ ለእኔ ብላ ሦስት ኪሎ ቅቤ አነጠረች። ኮረሪማውን ራሷ ፈልፍላ፣ ኮሰረቱን ራሷ አድርቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነው ያዘጋጀችው። ቋንጣውንም በዚያው ሳምንት ዘልዝላ ሰቀለች። እዚያ ስደርስ ሻንጣዬን አስከፈቱኝና ሁሉንም ዓይኔ እያየ ወደ ማስወገጃው ጣሉት። ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። የማውቀው ጣልያንኛ ሰላምታ ብቻ ስለነበር «የእናቴ ነው» ማለት እንኳን አልቻልኩም። ያን ሌሊት ለእናቴ ደውዬ «ደርሷል፣ ይጣፍጣል» አልኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የአራዳ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ ያንተ ዕድል ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ቅቤ ይዤ አልፌአለሁ። በብርጭቆ ዕቃ ከሆነ ዝም ይሉሃል።

ተመላሽ ተማሪ፦
አንተን ሳይዙህ ቀሩ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ቅቤም ቋንጣም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለሰው ልጅ ምክር ስትሰጥ እንዲህ አትቀልድ።

የአራዳ ነጋዴ፦
አልቀለድኩም። በራሴ የደረሰውን ነው የነገርኳት።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
እኔንም አይብ ቀምተውኛል። ያውም አንድ ኪሎ የማይሞላ።

ቀጥተኛው፦
ልጅቷ ስለ በርበሬ ጠየቀች፣ እናንተ ቅቤ ላይ ተቀምጣችኋል! የአንዱን ቅቤ ሐዘን ካልጨረሳችሁ ሽሮው ሳይፈጭ መስከረም ይጠባል። የሚያውቅ ሰው ለጥያቄው ይመልስላት።

ባለ ቅመሟ፦
እኔ እመልሳለሁ፤ ፔሩጂያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። እህቴ፣ 4 ኪሎ ሽሮ መሸከም አያስፈልግሽም። እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሽምብራ ዱቄት ይሸጣል፤ «ፋሪና ዲ ቼቺ» ይሉታል። በደረቅ መጥበሻ ትንሽ አመስ አድርጊው፣ ጥሬ ሽታው ይጠፋል። ከዚያ ከበርበሬሽና ከመከለሻሽ ጋር ብትቀላቅዪው ጥሩ ሽሮ ይወጣዋል። ስለዚህ ኪሎሽን ለቅመም አውዪው። ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉንም ደረቅ አድርገሽ ያዢ። ቅቤውን ተዪ፣ ማንጠሪያውን ውሰጂ። የጣልያን ቅቤ አብዛኛው ጨው የለበትም። ቀስ ባለ እሳት በኮረሪማና በኮሰረት ብታነጥሪው ጎረቤቶችሽ በር ያንኳኳሉ፤ የእኔዎቹ አንኳኩተዋል። አንዷ ኮሪያዊት፣ አንዱ ብራዚላዊ ነበሩ፤ ጣልያንኛ መናገር የጀመርኩት ለእነሱ ሽሮ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስታገል ነው።

ስለ በርበሬው፦ የተፈጨው ይሻላል፤ ነገር ግን ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን በፕላስቲክ ካሰርሽው ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ እስኪበርድ አሳድሪው። የእኔ የመጀመሪያው በርበሬ የተበላሸው በዚህ ነው፤ የወፍጮው ጥፋት አልነበረም።

የቀበና እናት፦
የእኔ ወፍጮ የፈጨው ኖሮ አይበላሽም ነበር።

ባለ ቅመሟ፦
እማማ፣ የትም ቢፈጭ ሳይበርድ ከታሰረ ይበላሻል።

የቀበና እናት፦
ሃያ ዓመት ሙሉ ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

የጎማ ነጋዴ ልጅ፦
የኤሌክትሪክ ምጣድስ? መርካቶ ትንንሾች አሉ። እንጀራ ከሌለ ሽሮው ምን ይሠራል?

ተመላሽ ተማሪ፦
ምጣድ እንዳትወስጂ። የጣልያን ተራ መኖሪያ ቤት ኮንትራቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ኪሎዋት ነው። ምጣዳችን ብቻውን ከዚያ በላይ ስለሚስብ ብሬከሩ ይወርዳል። ቤቱ በሙሉ ጨለማ ይሆንና አከራይሽ ሊጮሁብሽ ይመጣሉ። እንጀራ ሲያምርሽ ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የእኛና የኤርትራውያን ሱቆች አሉ።

የስድስት ኪሎ መምህር፦
ስለ ምግቡ ተመክረሻል፤ እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። በደረስሽ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻሽን ፖስታ ቤት ማስገባት አለብሽ። ቅጹ ያለበትን ፖስታ እዚያው ይሰጡሻል፤ የ16 ዩሮ ቴምብር ያስፈልግሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ከምዝገባና ቤት ከመፈለግ ጋር ተደራርቦ ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። ዩኒቨርሲቲው ከኤትሩስካውያን ዘመን ከቆመው የከተማ በር ፊት ለፊት ነው፤ በየቀኑ በዚያ ትመላለሻለሽ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ተንቀሳቃሽ ደረጃው በአሮጌው ምሽግ ሥር በተቀበሩ ጎዳናዎች መካከል አልፎ ያወጣሻል። ሰባ ደረጃን ስትወጪ ስትወርጂ ስላደግሽ እግርሽ አይቸገርም።

ዳቦው ግን ያስደነግጥሻል፤ ጨው የለውም። የአካባቢው ሰዎች ምክንያቱን በ1540 እ.ኤ.አ. ከተነሣው የጨው ጦርነት ጋር ያያይዙታል። ጳጳሱ ጳውሎስ ሦስተኛ የጨው ዋጋ ሲያስወድዱ ከተማዋ አመፀች፣ ተሸነፈችም። ምሽጉንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ያንን ዳቦ በበርበሬ ስትበዪው ትወጂዋለሽ።

ደግሞም ጣልያንኛ ለእኛ ከዜሮ አይጀምርም። ፖርቶ መጋላ፣ ካቻቪቴ፣ ባልኮኒ፣ ማኪያቶ እያልን ነው ያደግነው። ጋራዥ ገብተሽ ግማሽ ቀን ብትቀመጪ መቶ ቃል ይዘሽ ትወጫለሽ።

የአራዳ ነጋዴ፦
ቡና አትርሺ። ከፒያሳው ቶሞካ የተፈጨ ያዢ። ተማሪ ቤት ሁሉ ሞካ ማፍያ አለ፣ በእሱ ትጠጪዋለሽ። ለመምህራንም ስጦታ ይሆናል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ለቡና ከቶሞካ የሚሻሉ አሉ። ነገር ግን አልጀምረውም።

የአራዳ ነጋዴ፦
የሉም።

የሰባ ደረጃ ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቅቤውን ታሪክ ለእናቴ ሳነብላት አለቀሰች፤ ተመላሽ ተማሪ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። ባለ ቅመሟ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ኮሰረቱን ቅጠሉን እንዳለ ልያዝ ወይስ ተፈጭቶ?

ባለ ቅመሟ፦
ቅጠሉን እንዳለ። ከተፈጨ መዓዛው በወር ውስጥ ይጠፋል። በወረቀት ጠቅልዪው፣ ከልብስሽ መሀል አድርጊው። ልብስሽ ሁሉ ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል፤ በጥቅምት ብርድ ሲጀምር ደስ ይልሻል።