ከቁንጫው ባርቶኔላ ይታያል፣ ከአይጧ ጣፊያ ግን አይታይም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። በከተማ ዳር ከተያዙ አይጦች ጣፊያና ከላያቸው ከተለቀሙ ቁንጫዎች ባርቶኔላን (እንደ ቁንጫ ባሉ ነፍሳት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለይ ምርመራ፣ እየፈለግኩ ተቸግሬያለሁ። የምጠቀመው ጂኤልቲኤ (gltA) የተባለውን የባክቴሪያውን ዘረ መል ነው፤ የሚጠበቀው ቁራጭ ወደ 380 ቤዝ ጥንድ፣ የፕራይመር (ማባዛቱን የሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ) መጣበቂያ ሙቀቱ 51 ዲግሪ፣ የማባዣ ዙሩ 40።

ቁንጫዎቹ ዘረ መሉ መገኘቱን የሚያሳይ ደማቅ መስመር ይሰጣሉ፤ ጣፊያው ባዶ ነው። መጀመሪያ 25 ሚሊ ግራም ጣፊያ ስወስድ የአይጧ የራሷ ዘረ መል እንኳ አልታየም። ጣፊያ ሴልና ደም ስለሚበዛበት የዲኤንኤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ከደሙ የሚመጣው ሄምም (ብረት ያለበት የደም ቀለም) የፒሲአሩን ኢንዛይም ያግደዋል። ወደ 10 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጌ፣ የወጣውን ዲኤንኤ አሥር እጥፍ ሳቀጥነው የአይጧ ዘረ መል መጣ። ባርቶኔላ ግን አሁንም የለም።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ናሙና ሳይገባበት ከቁንጫዎቹ ጋር የወጣው መቆጣጠሪያ ቱቦ ደብዛዛ መስመር አሳየ። ውሃ ብቻ የገባበት የፒሲአር መቆጣጠሪያ ንጹሕ ስለሆነ ብክለቱ ዲኤንኤ ሲወጣ የገባ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የቁንጫዎቹንም ውጤት ማመን አልቻልኩም።

ዙሩን ወደ 35 ብቀንሰው ጥቂት ባክቴሪያ ያለበትን ጣፊያ አጣለሁ? ለማረጋገጫ ከሌሎቹ የባርቶኔላ መለያ የዲኤንኤ ክፍሎች አይቲኤስ (ITS) ይሻላል ወይስ ኤስኤስአርኤ (ssrA)? ቁንጫ ከሌላ አይጥ የጠጣችውን ደም ይዛ ልትመጣ ትችላለችና በቁንጫው ብቻ አይጧን ተይዛለች ማለት አልፈልግም። ከእያንዳንዱ ጣፊያ የቀረኝ ለሁለት ሙከራ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ ከመንካቴ በፊት እባካችሁ የሠራችሁበት ምከሩኝ።