ማዳበሪያ ይቀነስ ወይስ ይጨመር? የጎጃም ገበሬ ልጆች ክርክር

የቡሬው፦ ወገኖች፣ ዘር ሳይደርስ እንከራከር። እኔ የምለው ጎጃም ውስጥ ማዳበሪያን ዓመት ዓመት እየቀነስን ከኩበትና ከገለባ ወደሚብላላ ኮምፖስት እንዙር ነው። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሰልፍ ሲወጣ ያየነው አይበቃም? በዶላር ተገዝቶ፣ በጂቡቲ ዞሮ በሚመጣ ነገር የተንጠለጠለ እርሻ ምን ዋስትና አለው? ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ አፈሩን እያኮመጠጠው ነው።

የመርዓዊው፦ ወንድምዓለም፣ ወሬው ያምራል። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ አገደች። የሩዝ ምርቷ ወረደ፣ ዋጋው ናረ። ሰባት ወር ገደማ ቆይታ እገዳውን ራሷ አነሳች። እነሱ የጎደላቸውን ሩዝ ከውጭ አስገቡ። እኛ በምን ብር? በቆሎ ያለ ማዳበሪያ ዘርተህ እስኪ ጎተራህን አሳየኝ።

የቡሬው፦ እኔ አግዱ አልወጣኝም! ቀንሱ ነው ያልኩት።

እማወራ ከሰከላ፦ ኮምፖስት ኮምፖስት ትላላችሁ። ኩበቱን ጉድጓድ ከከተታችሁት እንጀራውን በምን ልጋግር? ገለባው የከብት ነው። የበቆሎው አገዳ ማገዶና አጥር ነው። ታዲያ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ምኑ ነው? ሥልጠና የሚሰጡትም ይኼን ስትጠይቃቸው ርዕስ ይቀይራሉ።

የእንጅባራው፦ የእትዬን ጥያቄ እንዳትዘሉት፣ የነገሩ ሥር እሱ ነው። እኛ አዊ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ከጤፍ ጋር አብረን እናቆማለን። መጀመሪያ ጤፉ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ሣሩ። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ለከሰል ይቆረጣል፣ መሬቱ ወደ እህል ይመለሳል። ቅርንጫፉ ምድጃ ሲገባ ኩበቱ ለማሳ ይተርፋል። ሁሉም የሚረግመው ባሕር ዛፍም ቢሆን በዚህ በኩል ባለውለታ ነው።

የመርዓዊው፦ ዲከረንሱን በሽታ ሲያደርቀውስ? ደግሞ ሁሉም ከሰል ካከሰለ እህሉን ማን ያመርታል?

ባለሙያው (ደብረ ማርቆስ)፦ የምትከራከሩት ስለ ማዳበሪያው መጠን ነው። እኔ የማየው ደግሞ ማዳበሪያው የት እንደሚገባ ነው። አፈሩ በጣም አሲዳማ ሲሆን ውስጡ ያለው አልሙኒየም ይሟሟል። ፎስፈረሱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሥሩንም ያጫጨዋል። ገበሬው በብድር የገዛውን ይበትናል፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ጥፋቱም የዩሪያ ብቻ አይደለም። የእኛ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፣ እኛ ደግሞ አገዳውንም ገለባውንም ከማሳ እንለቅማለን። እንዲህ ያለ መሬት መጀመሪያ አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ነው የሚፈልገው። ኖራ ሳይገባ ማዳበሪያ ጨምሩ ማለት ብር ቅበሩ ማለት ነው።

የቢቡኙ፦ ጮቄ ተራራ ሥር ላለን ሰዎች ኖራውም ማዳበሪያውም አንድ ነው። እርከን ከሌለ ሐምሌ ጠርጎ አባይ ይከተዋል። የሠራነውን እርከን ደግሞ በበጋ ልቅ ከብት ያፈርሰዋል። ስለ ልቅ ግጦሽ የሚያወራ ጠፋ እኮ!

አያ ከዳንግላ፦ ልጆቼ፣ ግብጦን ምነው ረሳችሁት? በደከመ መሬት፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። መራራ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም። ከሱ በኋላ የሚዘራው እህል ሸጋ ነው።

ባለሙያው፦ አያ እውነታቸውን ነው። ግብጦ ናይትሮጂን ከአየር ይይዛል። ከሥሩ የሚወጣው አሲድ ደግሞ የተያዘውን ፎስፈረስ ያላቅቃል።

የመርዓዊው፦ አያ፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ ግብጦ ከአረቄ ጋር ይጥማል፣ ቤት ግን አያሳድርም። ተቆልቶ ቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ካልከረመ አይቀመስም። ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) ብቻ ያለው ሰው አንዱን ለግብጦ ሰጥቶ ምን ይበላል?

እማወራ ከሰከላ፦ ይኼን እንኳ ልክ ብለሃል።

የቡሬው፦ እሺ፣ ኖራው ይቅደም። ደጀን ላይ ይፈጫል አይደል?

ባለሙያው፦ ይፈጫል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር ሦስት አራት ኩንታል ነው። ኖራ እንደ አፈሩ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይፈልጋል። ከደጀን ሰከላ ድረስ ማጓጓዣው ከኖራው ሊበልጥ ይችላል።

የመርዓዊው፦ ታዲያ መንግሥት ማዳበሪያውን እንደሚደጉም የኖራውን መኪና አይደጉምም? እኔ ለማዳበሪያው የምሟገተው ቀበሌ ድረስ የሚመጣልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ኖራው እደጄ ይምጣ፣ በአንድ ቃዳ እሞክረዋለሁ።

ባለሙያው፦ ለአንድ ቃዳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ነው። ግን አፈሩን ሳታስመረምር እንዳትጭን። ጎረቤትህ ስለበተነ አንተም አትበትን፣ ያልኮመጠጠ መሬት ኖራ ይጎዳዋል።

የቢቡኙ፦ ማሳህ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከኖራው በፊት እርከኑን።