ኢኤስአር (የቀይ ሴሎች የመዝቀጥ ፍጥነት) 130፣ ግሎቡሊን (ከአልቡሚን ውጭ ያለው የደም ፕሮቲን) 7.5፦ ለማየሎማ (የመቅኒ ፕላዝማ ሴሎች ካንሰር) ከሀዋሳ የትኛውን ምርመራ እንላክ?

ታቦር ስር፦
ሰላም ባልደረቦች። የ61 ዓመት አባት፣ 55 ኪሎ፣ ለወራት የወገብ ሕመም ይዟቸው በአከርካሪ ቲቢ ጥርጣሬ ከወረዳ ተልከው ሀዋሳ ክሊኒካችን መጥተዋል። ሄሞግሎቢን 8.7፣ ኤምሲቪ (የቀይ ሴል መጠን) 92፣ ኢኤስአር 130፣ ክሬቲኒን 1.9፣ ቶታል ፕሮቲን 10.4፣ አልቡሚን 2.9፣ ካልሲየም 10.6። ብለድ ፊልም ላይ ቀይ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ተደርድረዋል። ናሙናው አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፣ የቤተሰቡ አቅምም ውስን ነው። ኤሌክትሮፎረሲስ (የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ የሚለይ ምርመራ) ብቻ ይበቃል ወይስ ፍሪ ላይት ቼይንም (ነጻ የሆኑ የፀረ እንግዳ አካል ቁራጮች ልኬት) የግድ ነው? በየትኛው ቱቦ? ሕክምና ሲጀምሩስ በምን እንከታተል?

ውስጥ ደዌ፣ አዳማ፦
ዶክተር፣ ካልሲየሙን 10.6 ብለው እንዳያልፉት። በአልቡሚን ሲታረም (ከ4 ላይ 2.9 ተቀንሶ፣ በ0.8 ተባዝቶ ሲደመር) 11.5 ገደማ ነው፤ የማየሎማ መስፈርት ከ11 በላይ ነው። ክሬቲኒኑም ከ2 በታች ስለሆነ ደህና ይመስላል እንጂ በእድሜና በክብደት ሲሰላ ክሊራንሱ (የኩላሊቱ የማጣራት አቅም) 32 አካባቢ ይወርዳል፤ ከ40 በታች በራሱ መስፈርት ነው። ስለዚህ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን፣ ልብና የሽንት መጠን እየታየ። ለወገቡ የሚወጉት ዲክሎፌናክ ዛሬውኑ ይቁም፤ እንዲህ ያለውን ኩላሊት የሚጨርሰው እሱ ነው።

ከላኩ አይቀር መጀመሪያ የሲረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ኤሌክትሮፎረሲስና ኢሚዩኖፊክሴሽን (የፕሮቲኑን ዓይነት የሚለይ ምርመራ) አብረው ይሂዱ። ግሎቡሊን ከፍ ማለቱ ብቻውን ማየሎማ አይደለም፤ ካላዛር፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት በሽታም ያደርጉታል፣ በደቡብ ደግሞ ካላዛር አይረሳም። በእነዚያ በኤሌክትሮፎረሲሱ ላይ ጋማ የሚባለው ክፍል ሰፊ ጉብታ ይሆናል፤ ማየሎማ ላይ ሹል ጫፍ ይወጣል። ኢሚዩኖፊክሴሽኑ ዓይነቱን ይነግራል። የመቅኒ ምርመራ ግን በደም አይተካም፤ ፕላዝማ ሴል 10 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ መታየት አለበት።

ፍሪ ላይት ቼይን? ለእኚህ ሰው ኩላሊቱ ስለተነካ አንዴ ቢሠራ እመርጣለሁ። ከ500 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ ኩላሊቱን የዘጋው ላይት ቼይኑ ነው ማለት ይቀላል። የካፓና ላምዳ (ሁለቱ የላይት ቼይን ዓይነቶች) ሬሾ መደበኛው ከ0.26 እስከ 1.65 ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ግን እስከ 3.1 ድረስ ሊወጣ ስለሚችል 2.4 አይተው አይደንግጡ። ገንዘቡ ጨርሶ ካልተገኘ የ24 ሰዓት ሽንት ኤሌክትሮፎረሲስ ይተካዋል።

ላብ ቴክኖሎጂስት፦
ቱቦው ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን፤ የሚፈለገው ሲረም ነው። በሐምራዊ ክዳን ከተላከ ፋይብሪኖጅን በቤታና በጋማ መካከል ቀጭን መስመር ይሠራል፣ ያልለመደ ሰው ኤም ፕሮቲን (የማየሎማ ሴሎች የሚሠሩት ፕሮቲን) ብሎ ይጽፈዋል። ቢያንስ 30 ደቂቃ እስኪረጋ ጠብቁ፤ የእንዲህ ዓይነት ታካሚ ደም አንዳንዴ ይዘገያል፣ ሳይረጋ ሴንትሪፉጅ ከገባ ያው መስመር ተመልሶ ይመጣል።

ሲረሙን ለይታችሁ በሁለት ትናንሽ ቱቦዎች አንድ አንድ ሚሊ ሊትር አድርጉ። አንዱ በአይስ ቦክስ ይሂድ፣ አንዱ እናንተ ጋ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ መንገድ ላይ ቢፈስ አባትየውን ዳግም ከወረዳ ከማስጠራት ያድናል። ሙሉ ደም አትላኩ። ከአይስ ፓክ ጋር ተነካክቶ ሄሞላይዝ ካደረገ (ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ) አልፋ 2 እና ቤታ አካባቢ የሐሰት መስመር ያወጣል።

ማሰሪያው ክንድ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ፕሮቲንም ካልሲየምም በሐሰት ከፍ ይላል። ሐምራዊው ከቀዩ በፊት ከተቀዳ ደግሞ ካልሲየሙ ሊወርድ፣ ፖታሲየሙ ሊወጣ ይችላል። ሽንቱ ላይ ስትሪፕ ኔጌቲቭ ቢል አትመኑት፤ የሚያነበው አልቡሚንን ነው። የ24 ሰዓቱ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ቀን የጠዋት ሽንት ይደፋል፣ የማግስቱ ጠዋት ግን ይገባል። ጠቅላላ መጠኑ ሳይጻፍ ከተላከ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ታቦር ስር፦
እናመሰግናለን። ኢኤስአር በየወሩ ብንሠራ ለክትትል አይረዳም?

ሄማቶሎጂ ፌሎው፦
ብሩን አያባክኑ። ደም ማነስም ኢንፌክሽንም ያንቀሳቅሰዋል። በየሕክምና ኡደቱ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ክሬቲኒን፣ ካልሲየምና ኤም ፕሮቲኑን በግራም ቁጥር፣ ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ። ዴክሳሜታሶን ስለሚወስዱ ስኳርም ይታይ። ኤም ፕሮቲኑ በግማሽ ከወረደ ከፊል ምላሽ ነው፤ በ90 በመቶ ከወረደ በጣም ጥሩ። ዳግም ተነሣ የሚባለው ከደረሰበት ዝቅተኛ ቁጥር ቢያንስ 25 በመቶ፣ ያውም ከ0.5 ግራም በዴሲሊትር ባላነሰ ሲጨምርና በድጋሚ ናሙና ሲረጋገጥ ነው። ከ0.3 ወደ 0.4 መውጣቱ 33 በመቶ ቢሆንም መድኃኒት አያስቀይርም።

የኤም ፕሮቲኑ ዓይነት አይጂኤ (አንዱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) ሆኖ ከመጣ ጫፉ ቤታ ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል የአይጂኤ መጠን ይለካ። ፍሪ ላይት ቼይን ላይም የአንዱ ኩባንያ ኪት ከሌላው ጋር አይወዳደርም፤ ውጤቱ ወረቀት ላይ የኪቱ ስም ይጻፍ። ኤም ፕሮቲኑ ሳይጨምር ክሬቲኒኑ ከወጣ ግን ላይት ቼይኑ ብቻውን አምልጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ያኔ ፍሪ ላይት ቼይን ወይም የ24 ሰዓት ሽንት ሳይታይ አይታደር።